ታሪክ ልጽፍ ብዬ ደብዳቤ እየሆነብኝ ተቸገርኩ

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የስድሳ ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው፤ አሁንም የምኖረው እዚያው አካባቢ ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቼ ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ አብሮኝ አለ፤ ትልቋ ልጄም ከሁለት ልጆቿ ጋር እኛው ቤት ናት።

ልጅ ሳለሁ መጻፍ እወድ ነበር። ድርሰቴ ሰልፍ ላይ በተማሪው ሁሉ ፊት ይነበብ ነበር። ቤት ደግሞ ተረትም ታሪክም የምጽፍበት አንድ ደብተር ነበረኝ፤ ማታ ማታ ለታናናሾቼ እያነበብኩ አስቃቸው፣ አስፈራቸው ነበር። በ1969 ዓ.ም. የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። መጋቢት ላይ የደርግ የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ እናቴ በቤት ውስጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ ሰብስባ፣ እንጀራ እየጋገረች ከምጣዱ ሥር ማገደችው። ያስፈሯት የታላቅ ወንድሜ መጻሕፍትና ወረቀቶች ነበሩ። የእኔም ደብተር አብሮ ሄደ። አላለቀስኩም፣ አልጠየቅኩምም። ከዚያ ወዲህ ለፈተናና ለሥራ ካልሆነ በቀር ብዕር አላነሳሁም።

አሁን ጊዜ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ የሚወጣው ግን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። ስለዚያ ቀን ልጽፍ ተቀምጬ የወጣኝን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ልጻፍልዎት፦ «በወቅቱ በነበረው የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት በቤተሰቡ ይዞታ ሥር የነበሩ ወረቀቶች እንዲወገዱ ተደረገ።» አንብቤው አፈርኩና ደብተሩን ዘጋሁት።

ሌላም ጭንቀት አለብኝ። ወንድሜ በሕይወት አለ፤ ስድሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ያኔ ታስሮ ነበር፤ ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። እኔ ብጽፍ የእሱን ቁስል መንካት አይሆንብኝም? እህቴ «ያለፈ ነገር ምን ያስቆፍርሻል» ትለኛለች። ልጄ ደግሞ «ቴሌግራም ላይ ቻናል ልክፈትልሽና በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ለጥፊ» እያለች ትወተውተኛለች። የእኔ ምኞት ከሁሉ በፊት ያንን የተቃጠለ ደብተር ከትዝታዬ አውጥቼ እንደገና መጻፍ ነበር፤ ነገር ግን ከጥቂት ርዕሶች በቀር ሁሉም ጠፍቶብኛል። በጣም ዘገየሁ ይሆን? ከየትስ ልጀምር?

ጡረተኛዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እህታችን፣

«የሚወጣው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው» ብለው ጻፉልን። ይህ የላኩልን ጽሑፍ ግን መሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት አይልም። «እንጀራ እየጋገረች ከምጣዱ ሥር ማገደችው» ብሎ የጻፈ እጅ፣ «አላለቀስኩም፣ አልጠየቅኩምም» ብሎ ያቆመ እጅ መጻፍ አልረሳም። ታዲያ ለእኛ የቀናዎት ነገር ብቻዎን ሲሆኑ ለምን እምቢ አለ? ለእኛ ሲጽፉ ለሰው እየነገሩ ነበር። ደብተር ከፍተው ሲቀመጡ ግን «ጽሑፍ» ሊጽፉ ነው የተቀመጡት፤ ጽሑፍ ሲባል ደግሞ እጅዎ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የለመደው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ስለዚህ የጎደለዎት ችሎታ አይመስለኝም። የጎደለው የሚነግሩት ሰው ነው።

እስቲ ያፈሩበትን ዓረፍተ ነገር አብረን እንየው። «እንዲወገዱ ተደረገ።» ማን ነው ያደረገው? «ወረቀቶች።» የማን ወረቀቶች? «በወቅቱ በነበረው የጸጥታ ሁኔታ።» ምን ታየ፣ ምን ተሰማ? በአሥራ ሁለት ቃላት ውስጥ አንድም ሰው የለም። በደብዳቤዎ ውስጥ ግን በዚያው ነገር ላይ እናት አለች፣ ምጣድ አለ፣ የወንድም መጻሕፍት አሉ፣ ዝም ያለች ልጅ አለች። የመሥሪያ ቤት አማርኛ አድራጊውን የሚደብቀው ሆን ብሎ ነው። ውሳኔው የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የጸሐፊዋ እንዳልሆነ ማሳየት አለበት፤ እዚያ ቦታው ላይ ትክክል ነው፣ ሠራተኛውንም ይጠብቃል። እዚህስ ማንን እየጠበቀ ይሆን? ይህን የምጠይቅዎት ቀስ ብለው እንዲያስቡበት ነው፣ ለእኔም እንዲመልሱልኝ አይደለም። «እናቴ ደብተሬን አቃጠለችው» ብሎ መጻፍ እናትን መክሰስ መስሎ ታይቶዎት ይሆን? ልጆቿን ልታተርፍ ያደረገችውን እያወቁ፣ ያቺ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን እስከ ዛሬ ቅር ብሏት ይሆን? ያዳነችዋ እናትና ያቃጠለችዋ እናት አንዲት ሴት ናቸው። ከሁለቱ አንዷን መርጠው እንዲጽፉ የሚያስገድድዎት የለም፤ በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱም ይገባሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የደብዳቤ አማርኛን ለመልቀቅ ከሁሉ የሚያዋጣው በአፍ መጀመር ነው። ስልክዎ ላይ ድምፅ መቅጃ አለ፤ ልጅዎ ታሳይዎት። የሚነግሩት አንድ ሰው በልብዎ ይምረጡ፤ ታናሽ እህትዎ ልትሆን ትችላለች፣ የልጅ ልጅዎም፣ በሕይወት የሌለ ወዳጅም። ለዚያ ሰው አምስት ደቂቃ ብቻ ያውሩ። ቀላል ነገር ይሁን፤ ለምሳሌ ልጅ ሆነው ውኃ ሊቀዱ የሚሄዱበት መንገድ። ከዚያ ስልኩን እያቆሙ እያስኬዱ ቃል በቃል ወደ ደብተር ይገልብጡት፤ «እንግዲህ»ም፣ «ምን ልበልሽ»ም፣ «ቆይ ረስቼ»ም ሳይቀር። አምስት ደቂቃ ንግግር ሲገለበጥ ሦስት ወይም አራት የደብተር ገጽ ይወጣዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እየገለበጠ ለማሳመር ሲሞክር ነው። «ዝናቡ አላስኬድ አለን» ያሉት ወረቀት ላይ ሲደርስ «በዝናቡ ምክንያት ጉዟችን ተስተጓጎለ» ሊሆን ይፈልጋል። አይፍቀዱለት። ማሳመር በሌላ ቀን የሚሠራ ሥራ ነው።

ያ ሌላ ቀን ሲመጣ፣ ለምሳሌ በሳምንቱ መጨረሻ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ይቀመጡ። «በመሆኑም»፣ «ስለሆነም»፣ «በተመለከተ»፣ «ከዚህ ጋር በተያያዘ»፣ «ከላይ በተጠቀሰው»፣ «ተደረገ»፣ «ተከናወነ»፣ «ሊሆን ችሏል» የሚሉትን ሁሉ ያስምሩባቸው። ያሰመሩባቸውን ወዲያው አይሰርዙ፤ በእያንዳንዱ ላይ «ማን?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ከጎኑ ይጻፉ። አገናኝ ቃላቱ ግማሽ ያህሉ ቢወጡ ምንም አይጎድልም፤ አማርኛ ግሡን እያሰረ በራሱ ይሄዳል፣ «ተነሥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሩን ከፈተች» ለማለት «በመሆኑም» አያስፈልግም። ደግሞ ሁሉንም ማጥፋት የለብዎትም። አንድ የቀበሌ ሰው ወይም አንድ አለቃ በታሪኩ ውስጥ ሲናገር ያ ቋንቋ ለእሱ ልብሱ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ከብዙዎች በተሻለ ያውቁታል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ባክኗል አይበሉ።

ከመሥሪያ ቤቱ በፊት የተማርነው የትምህርት ቤት ድርሰትም የራሱን አሻራ ትቷል። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ፤ በመጨረሻም ለአንባቢ ምክር። የእርስዎ ድርሰት ሰልፍ ላይ ይነበብ ስለነበር ይህ በደንብ የገባዎት ይመስለኛል። ስለዚህ አንድ ነገር ጽፈው ሲጨርሱ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አንቀጽ በእጅዎ ሸፍነው መካከሉን ብቻ ያንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ የሚጀምረው ከሁለተኛው አንቀጽ ነው፣ የሚያልቀውም ምክሩ ከመምጣቱ በፊት ነው። ስለ ፊደልም አይጨነቁ፤ የትኛው «ሀ»፣ የትኛው «ሠ» እያሉ መሐል ላይ መቆም ብዙ ጀማሪ ያስቀራል። በመጣልዎት ፊደል ይቀጥሉ፤ ሲተይቡ ያስተካክሉታል።

ስለ ተቃጠለው ደብተር የምሰጥዎት ሐሳብ ምናልባት ላይወዱት ይችላሉ። እሱን እንደገና ለመጻፍ ባይሞክሩ ይሻላል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከአርባ ስምንት ዓመት በላይ የቆየ ትዝታ ርዕስና አንድ ሁለት መስመር ሊሰጥዎት ይችላል፤ የቀረውን የሚሞሉት ዛሬ ባለው እርስዎ ነው። ሲሞሉት ደግሞ «ያኔ እንዲህ አልነበረም፣ የልጅነቱ ይሻል ነበር» የሚል ሐዘን ይከተላል፤ ከጠፋ ጽሑፍ ጋር ተወዳድሮ ያሸነፈ የለም። ይልቅ አንድ ገጽ ላይ የሚያስታውሷቸውን ርዕሶች፣ የሰዎቹን ስም፣ አንድ የቀረ ዓረፍተ ነገር ካለም እሱን ይዘርዝሩ። ታናናሾችዎ የሰሙት ነገር ትዝ ይላቸው እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ የሚያስፈራው ክፍል ከእርስዎ ይልቅ በእነሱ ጆሮ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ዝርዝሩን ያስቀምጡት።

መጻፍ የሚቻለው ደብተሩን ሳይሆን ደብተሩን ትጽፍ የነበረችውን ልጅ ነው። የት ተቀምጣ ነበር የምትጽፈው? በመብራት ነበር ወይስ በኩራዝ? በእርሳስ ወይስ በእስክሪብቶ? ደብተሩን የት ትደብቀው ነበር፣ ከማን? አንድ ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ በላይ እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ፦ ያኔ ይበልጥ ደስ ይልዎት የነበረው ታሪክ መፍጠሩ ነበር፣ ወይስ ማታ ታናናሾችዎ አፋቸውን ከፍተው ሲሰሙ ማየቱ? መፍጠሩ ከሆነ አጭር ልብ ወለድ ይስማማዎታል። ሲሰሙ ማየቱ ከሆነ ደግሞ ለልጅ ልጆችዎ የሚነበቡ ታሪኮች ወይም ለአንድ ሰው የሚጻፉ ረጃጅም ደብዳቤዎች ይበልጥ ሊያስኬዱዎት ይችላሉ። ሰው «መጻፍ እወዳለሁ» ሲል ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ማለቱ ነው፤ ሳያውቀው ሌላውን ይዞ ስለሚጀምር ይሰለቸዋል።

ጊዜና ቦታ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን እዚህ ነው። «በየቀኑ» ብለው አይማሉ። ለቅሶ አለ፣ እድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ የታመመ ይጠየቃል፤ በእርስዎ ዕድሜ ያለች የአዲስ አበባ ሴት ሰባቱንም ቀን ለራሷ ማድረግ አትችልም። በአራተኛው ቀን መሐላው ይፈርሳል፣ ከዚያ ጸጸቱ ራሱ ከደብተሩ ያርቃል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። የልጅ ልጆችዎ ወደ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ጧት 3 ሰዓት አካባቢ ቤቱ ይረጋል? ቡናው ከመፈላቱ በፊት ያድርጉት፤ ጎረቤት ከመጣ በኋላ ጊዜው የእርስዎ አይሆንም። ለባለቤትዎ «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በዚህ ሰዓት አትጥሩኝ» ብለው በግልጽ ይንገሩ፤ ሳይነገረው የሚያውቅ ሰው የለም። ሃያው ደቂቃ ሲሞላ ነገሩ እየመጣልዎት ቢሆንም ያቁሙ፤ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር እያወቁ መነሣት ለሚቀጥለው ቀን መግቢያ ይሆንልዎታል።

ደብተሩ ተራ ባለ 50 ሉክ ይሁን። ያማረ ጠንካራ ልባስ ያለው ማስታወሻ ስጦታ ቢያመጡልዎት ለሌላ ነገር ያውሉት፤ ቆንጆ ወረቀት ላይ ሰው ይጠነቀቃል፣ የሚጠነቀቅ ሰው ደግሞ ደብዳቤ ነው የሚጽፈው። በአንድ ገጽ ብቻ ይጻፉ፤ ትይዩው ባዶ ገጽ በኋላ ትዝ ለሚልዎት ነገር መጨመሪያ ይሆናል። የማንበቢያ መነጽርዎ ከሁለት ዓመት በላይ ከሆነው ይለኩት፤ ድካም የመሰለዎት ነገር ብዙ ጊዜ የዓይን ነው። ቤቱ ጨርሶ የማይሆን ከሆነ፣ ከሽሮ ሜዳ በታክሲ አራት ኪሎ ወርደው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት መቀመጥ ይችላሉ፤ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፣ ሰፊም ነው። አንዳንድ ሰው ልብስ ለብሶ ከቤት ሲወጣ ነው ሥራ የሚሠራ የሚመስለው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ለወጣ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም።

በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ስለዚያ መጋቢት አይጻፉ። ስለ ውኃው መንገድ፣ ስለ ሬድዮ፣ ስለ ቅዳሜ ገበያ፣ ስለ አንዲት ጎረቤት ቀሚስ ይጻፉ፤ በአንድ ቀን አንድ ዕቃ ወይም አንድ ሰው። እጅ በቀላል ነገር ሲላላ ከባዱን መሸከም ይችላል። ወደዚያ ቀን ሲመጡም ፊት ለፊት አይግቡ፤ በምጣዱ ይጀምሩ። እንጨት ነበር ወይስ ኩበት? ወረቀት ሲማገድ እሳቱ ከወትሮው ይለያል፤ እንጀራው በሰለ ወይስ አረረ? ያን ቀን የተጋገረውን እንጀራ ማን በላው? እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች «አስፈሪ ጊዜ ነበር» ከሚለው ይልቅ ብዙ ይዘው ይመጣሉ። የዘመኑን ቀናት ማጣራት ሲፈልጉ የ1969ን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር ሄደው ማገላበጥ ይችላሉ፤ ይህ ግን በኋላ ነው፣ አስቀድመው ካነበቡት የጋዜጣው ቋንቋ የእርስዎን ይውጠዋል።

አንድ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎች በሕይወታቸው ስለደረሰ ከባድ ነገር በተከታታይ አራት ቀን 15 15 ደቂቃ እንዲጽፉ አድርገው ነበር። የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት ወዲያው እንደጻፉ ይበልጥ ከፋቸው፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ጤና ማዕከል የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ለሁሉም ሰው እኩል እንደማይሠራ አሳይተዋል። ለእርስዎ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ጽፈው በተነሡበት ቀን ቢከፋዎት «አልሆነልኝም» ማለት አይደለም፤ ያልተጠበቀ ነገር አይደለም። ስለዚያ ቀን ሲጽፉ ከሃያ ደቂቃ አይለፉ፣ ማታ ከመኝታ በፊት አይጻፉ፣ ሲጨርሱም እጅዎን የሚይዝ ሥራ ይሥሩ፤ ሽንኩርት መክተፍም ሆነ ልብስ ማጠፍ። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ቢያጡ፣ ቅዠት ቢመላለስብዎት ወይም ምግብ ቢያስጠላዎት ያንን ርዕስ ያቁሙና ባለሙያ ያነጋግሩ። ወደ ውኃው መንገድ መመለስም ሽንፈት አይደለም።

ወንድምዎን በተመለከተ የተጨነቁት በጎ ጭንቀት ነው፤ እንዲጠፋም አልፈልግም። ነገር ግን መጻፍና ማሳየት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። ለመጻፍ የማንንም ፈቃድ አይፈልጉም፤ ያ ቤት የእርስዎም ቤት ነበር፣ የተቃጠለው ደብተርም የእርስዎ ነበር። ለማሳየት ግን የእሱን ቃል መስማት አለብዎት። ድንበሩን እንዲህ ቢያሰምሩትስ፦ በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ዓይን ያዩት፣ በጆሮዋ የሰሙት የእርስዎ ነው። እስር ቤት የሆነው፣ የጓደኞቹ ስም፣ ያመነበትና ያላመነበት ነገር የእሱ ነው፤ ቢያውቁትም አይጻፉት። በዚህ ድንበር ታሪኩ እንደማይደኸይ አምናለሁ፤ አንባቢም ያቺ ልጅ ያልገባትን ነገር አብሮ ሳይገባው ሲያይ ይበልጥ ይጠጋታል።

ይንገሩት ወይስ ዝም ይበሉ? ቢነግሩት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ከሌላ ሰው ሲሰማው ነው የሚከፋው። በዓል ላይ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ እያለ አይሁን። ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ቢቻል ጎን ለጎን እየሄዳችሁ፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከባድ ነገር ሲነገረው ዝም የሚል ሰው መንገድ ላይ ይቀለዋል። «ጋሼ፣ ስለ ልጅነታችን ለራሴ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ያንተን ነገር አልጽፍም፣ እኔ ያየሁትን ብቻ ነው። ለማንም ከማሳየቴ በፊት ላንተ አሳይሃለሁ፤ አላይም ካልክም እሺ» ማለት ይበቃል። መልስ አይጠብቁ፤ ወዲያውም ወሬውን ወደ ሌላ ይውሰዱት። ዝም ቢል ዝምታውን እንደ እምቢታም እንደ ፈቃድም አይቁጠሩት። ምናልባት ከወራት በኋላ «ያ መጽሐፍ እኮ…» ብሎ አንድ ነገር ይጀምር ይሆናል፤ ያኔ ብዕር ሳያወጡ ይስሙት። «አትጻፊ» ካለዎት ደግሞ ጽሑፉ በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ይቆያል፤ መቆየት መጥፋት አይደለም። እህትዎም «ምን ያስቆፍርሻል» ስትል ምን እንደምትፈራ ይጠይቋት፤ እሷም ያን ቀን እዚያ ነበረች።

ሌላ ጥንቃቄ አለ። የዚያን ጊዜ አሳሾች፣ የቀበሌ ሰዎች፣ ጠቋሚ ተብለው የሚታሙ ጎረቤቶች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም በዚያው ሰፈር ይኖራሉ። ስም መቀየር ብቻ አይበቃም፤ «ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው ባለ አንድ ዓይና ልብስ ሰፊ» ካሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሥራውን፣ ቤቱንና መልኩን አብረው ይቀይሩ። በዓይንዎ ያላዩትን ወንጀል በሰው ላይ አይጻፉ፤ በሕግም ያስጠይቃል።

ልጅዎ ቻናል ልክፈትልሽ ማለቷ ከፍቅር ነው፤ ግን ቢያንስ ስድስት ወር ይቆይ። ጽሑፍ ገና ሳይጸና ለብዙ ሰው ሲቀርብ ጸሐፊው ሳያውቀው የልብ ምልክት የተላከለትን ዓይነት ደጋግሞ መጻፍ ይጀምራል። ደግሞ ለወንድምዎ የገቡት ቃል አለ፤ አንዴ የተለጠፈ ነገር ተመልሶ አይሰበሰብም። እስከዚያ ሁለት አንባቢ ይበቃዎታል፤ አንዱ የሚወድዎት፣ አንዱ የማያውቅዎት ቢሆን መልካም ነው። «ጥሩ ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ ሰው «በጣም ቆንጆ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። «የት ጋ ሰለቸህ? የት ጋ አልገባህም? የትኛው ሰው ትዝ አለህ?» ብለው ይጠይቁ፤ ሲመልሱ አይከራከሩ፣ ማስታወሻ ብቻ ይያዙ። ልጅዎ ማገዝ ከፈለገች ሌላ ትልቅ ሥራ አለላት፦ በየዓርቡ የጻፉትን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥታ በኢሜይል ለራሷም ለእርስዎም ትላከው። ሦስት ወር ሲሞላ መተየብ ስትጀምሩ ደግሞ በዩኒኮድ (በየትኛውም ስልክና ኮምፒውተር በሚነበበው የፊደል ሥርዓት) ይሁን፤ የስልኩ የአማርኛ ኪቦርድ ይበቃል። በድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች በመሥሪያ ቤት የተየብናቸው ፋይሎች ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት የሚሆኑት ፊደሉ የተቀመጠው በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ስለነበር ነው።

ዘገየሁ ወይ ላሉት፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ከሃምሳ አልፈው ነበር፤ የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውም ነበር። ይህን ያነሣሁት መጽሐፍ ያሳትሙ ለማለት አይደለም፤ እንዲያውም የማሳተምን ነገር ለአንድ ዓመት ባያስቡት ደስ ይለኛል። ዕድሜ የሚቀንሰው ነገር የጉልበትና የዓይን ነው፤ እሱን በሃያ ደቂቃና በመነጽር አስተካክለነዋል። የሚጨምረው ደግሞ የሚነገር ነገር ነው።

መቋረጥዎ አይቀርም። ጾም ይገባል፣ በዓል ይመጣል፣ ሐዘን ይደርሳል፣ ሦስት ሳምንት ደብተሩ ሳይከፈት ያልፋል። ሲመለሱ ከመጀመሪያው ጀምረው አያንብቡ፤ ያነበበ ሰው ማረም ይጀምራል፣ ማረም የጀመረ ቀን አዲስ መስመር አይወጣም። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ በአዲስ ገጽ ላይ በእጅዎ ይገልብጡና ከአራተኛው ይቀጥሉ። እሱም እምቢ ካለዎት ስልኩን አንሥተው ለዚያ ለመረጡት ሰው አምስት ደቂቃ ያውሩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ምን እንደደረሱ ቢጽፉልን፣ በተለይ ያ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምን ሆኖ እንደተለወጠ ቢነግሩን በጣም ደስ ይለናል።